ሁለተኛው የአባባ ቸርኬ

ለውድ ወንድሜ ለጀሊል አብዱልመሊክ፣ ባለህበት ደርባን ይድረስ።

አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። አከም ጅርታ ኦቦሌሳ ኮ? ፈያዳ? ጤናህ እንዴት ነው? ያ ብርድ ሲነካው የሚቆረጥምህ ትከሻህስ? ሳቢሪን እንዴት ናት? ልጆቹስ? ሥራውስ፣ ሱቁስ? ሰፈሩስ ሰላም ሆነላችሁ? እኛ አልሐምዱሊላህ፣ ከአንተ ናፍቆት በቀር የጎደለብን የለም። እማ ጉልበቷን ትንሽ ያማታል እንጂ ምላሷ እንደ ድሮው ነው። ሙህዲን ደህና ነው፤ ዝናቡ ዘንድሮ በጊዜው ስለገባ የሮቤን ሜዳ እያየ ገና ያልታጨደ ስንዴ በልቡ ይሸጣል። ቡሬዋ ላም ወልዳለች። ይህን ሁሉ በስልክ ነግሬሃለሁ መሰለኝ፤ ግን ሰላምታ ሳያጠግቡ ወደ ጉዳይ መግባት በእኛ ቤት ነውር ነው ብዬ ነው።

«በስልክ እየተገናኘን ደብዳቤ ምን አመጣው?» ትል ይሆናል። እኔ የጎባውን ገብረወልድን ስም ባነሳሁ ቁጥር በአንተ በኩል ኔትወርክ ይጠፋል። የሚገርመው ስለ ላሟ ሳወራ አይጠፋም። «በቃ እትዬ፣ ልዘጋ ነው» ትልና ያ የሱቅህ ተጠቅላይ የብረት በር እየተንኳኳ ሲወርድ እሰማለሁ፤ ከዚያ ጭጭ። ደብዳቤ ግን አይዘጋብኝም። ጎረቤታችን ከማለዲን ወደ እናንተ ሊመለስ ስለሆነ በእጁ ይዞልህ ይመጣል፤ አንብበህ እስክትጨርስ ሻይህን እየጠጣ ፊት ለፊትህ እንዲቀመጥ አስምዬዋለሁ።

መጀመሪያ ደስ የሚለውን ላውራህ፤ ካልነገርኩህ ሆዴ ይፈነዳል። እህትህ ድምፅ ሠሪ ሆናለች! አትሳቅ። አምና ሚኪያስ የሚባል፣ እዚህ ሮቤ ሞባይል የሚጠግንና ሰርግ ላይ ኪቦርድ የሚጫወት ልጅ፣ ሱሪ ሊያሳጥር ሱቄ መጣ። የስፌት መኪናዬን እየረገጥኩ ሳለሁ ድንገት «እትዬ ረቢያ፣ እንዳታቆሚ! ርገጪው፣ ርገጪው!» ብሎ ስልኩን ከመርፌው ሥር ደቀነው። ያበደ መስሎኝ ነበር። ከወር በኋላ አንድ ሰርግ ላይ ምሳ እየበላሁ ያ ትክ ትክ ትክ የሚለው የመኪናዬ ድምፅ ከስፒከሩ ይወጣል፤ እግሬ ከጠረጴዛው ሥር ብቻውን መርገጥ ጀመረ። አጠገቤ ለተቀመጡት ሴቶች «ይሄ እኮ የእኔ እግር ነው!» ብላቸው፣ አንዷ «ዘንድሮ ደግሞ ረቢያ እርግጫዋንም ለሰርግ ታከራይ ጀመር» ብላ አሳቀችብኝ።

ከዚያ ወዲያ ማን ይያዘኝ! አንተ ትተኸው የሄድከውን ላፕቶፕ ከቁም ሳጥን አውጥቼ ለሚኪያስ ሰጠሁት፤ ጠግኖ አስተማረኝ። ድምፅ መቁረጥ ለካ ጨርቅ መቁረጥ ነው። አለቅጥ ካሰፋኸው ይንዘላዘላል፣ ካጠበብከው ትንፋሽ ያሳጣል፤ ጫፉን ደግሞ አጥፈህ ካልቀመቀምከው ይተለተላል። አሁን የራሴ ድራም ኪት፣ የከበሮ ድምፆች ስብስብ፣ አለኝ፤ ጎምለል እያልኩ ነው የምጽፍልህ። ወፍራሙ ምት የሙህዲን ሙሉ ጆንያ ስንዴ በጡጫ ሲመታ ነው። ስኔር የሚሉት ቀጭኑ ምት መቀሴ ቆርቆሮ ላይ ሲወድቅ፣ ሿ ሿ የሚለው ወንፊት ውስጥ የምነቀንቀው ገብስ። በኪቦርድ የሚዜም የሲንት ድምፅም ሠርቻለሁ! ከሙህዲን ጋር የሃረና ቡና ልንገዛ ስንወርድ ሳነቴ ተራራ ላይ መኪናውን አስቁሜ፣ ሽቦ የተወጠረበት የብረት ምሰሶ አቅፌ፣ ነፋሱ ሽቦውን ሲያንጎራጉረው በስልኬ ቀዳሁት። ሙህዲን በመስኮት ብቅ ብሎ «ሴትዮ፣ ባልሽ እዚህ ተቀምጦ ምሰሶ ታቅፊያለሽ፤ ሰው ምን ይላል?» አለኝ። ሚኪያስ ያንን ነፋስ በኪቦርዱ ቁልፎች ሁሉ ላይ ዘረጋልኝ፤ የትኛውንም ብትነካ ሳነቴ በቀጭን ወይም በወፍራም ያዜምልሃል። ስሰማው አለቀስኩ። ደስታ ነበር፤ ግን አንተ አልነበርክም።

ሰርግ ላይ ኪቦርድ የሚጫወቱት ልጆች ድምፃቸውን የሚለዋወጡት አሁን በቴሌግራም ነው። ስጠኝና ልስጥህ ነው፤ ድምፅ በድምፅ እንጂ ብር የሚባል አይነሳም። የሰጠ ሰው ምን መትቶ እንዳወጣው ይናገራል። የተቀበለ ባለቤቱን ሳያስፈቅድ ለሦስተኛ ሰው አያሳልፍም። ያሳለፈ ደግሞ የአራራ፣ የዕርቅ ድምፅ ይልካል፤ በገዛ እጁ ያወጣውን፣ ለማንም ሰጥቶት የማያውቀውን። የተበደለው ያንን ተቀብሎ ሰርግ ላይ ካጫወተው ጠቡ አለቀ ማለት ነው። ይህን ሲነግሩኝ «ማን ያወጣው ደንብ ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «የድሮ ነው እትዬ፣ የአባቶች ደንብ ነው» አሉኝ። ጀሊሎ፣ አባቶቹ እኮ አንተና ገብረወልድ ናችሁ! ያኔ ፍላሻችሁን በሚኒባስ ረዳት እየላካችሁ፣ ከሮቤ ጎባ፣ ከጎባ ሮቤ ስታመላልሱ ያወጣችሁት ደንብ ነው። ደንባችሁ ዛሬም አለ፤ ስማችሁ ግን ከውስጡ ወጥቷል። ይህ ነገር ከዚያ ቀን ጀምሮ እንደ እሾህ ውስጤ ተቀምጦ ነበር።

እንግዲህ ኔትወርክ የሚጠፋበት ቦታ ደረስን። ከማለዲን ሻይ ይጨመርለት።

የሮቤው ትምህርት ቤታችን ደወል፣ አባባ ያቺ ኤንትሬ የጭነት መኪናው ስታረጅ ቸርኬዋን፣ የጎማዋን ብረት፣ ፈትቶ የሰቀለው፣ ምን ያህል ትወደው እንደነበር አውቃለሁ። መዶሻውን በጨርቅ ጠቅልለህ፣ ዘበኛውን አስፈቅደህ፣ በእሑድ ባዶ ግቢ ውስጥ መታኸው። ስታጫውተው ከሥሩ ዝቅ ያለ የሲንት ድምፅ ታነጥፍለት ነበር። ሰርግ ላይ ያ ድምፅ አንድ ጊዜ ሲመታ ዘፋኙ አፉን ሳይከፍት ሰው ከመቀመጫው ይነሳ ነበር። የሰጠኸው ለአንድ ሰው ብቻ ነው፤ ለገብረወልድ። በዒድ እኛ ቤት የሚበላ፣ በፋሲካ እሱ ቤት ዶሮ ሲታረድ ለአንተ ብሎ ሙስሊም አራጅ የሚጠራ ሰው ነበር። ከዚያ ከጊኒር በመጣ ፍላሽ ውስጥ ያው ድምፅ ተገኘ። ጎባ ወጥተህ ሰርግ ድንኳን ውስጥ፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ «ሌባ» አልከው። እሱ በማርያም ማለ። ስትወጣም «ጀሊል፣ ከጆሮህ አፍህ ቀደመ» ነበር ያለህ። ከሳምንት በኋላ በረዳት የላከልህን ፍላሽ ሳትሰማው በዚያው ሚኒባስ መለስክለት። ዓመቱ ሳይዞር ኪቦርድህን ሸጠህ ሄድክ። ሰው የሄድከው ለእንጀራ ነው ይላል። እኔ ግን አንተን የሸኘህ ያ ቂም ነው እላለሁ፤ እጅህ ሙዚቃ እምቢ ሲልህ አይቻለሁ።

አሁን ስማኝ። በሚያዝያ የአክስታችን ልጅ ሰርግ ስለነበረ ጊኒር ሄጄ ነበር። ድንኳኑ ውስጥ ሳህን ይዤ ቆሜ ሳለሁ ያ ደወል መታ። ያው ነው! መጨረሻው ላይ እንደ ንብ የሚያንዛርረው ሳይቀር ያው! ሳህኑን ማን እንደተቀበለኝ አላውቅም፤ ቀጥ ብዬ ኪቦርድ ተጫዋቹ ጋ ሄድኩ። ነገሪ ይባላል፤ ጎልማሳ ነው፣ ጢሙ ሂና የተቀባ። «ይህን ድምፅ ከየት አመጣኸው?» አልኩት። ፊቱ ተለዋወጠ። «እትዬ፣ ከሮቤ ነሽ መሰለኝ። በዚህ ድምፅ ስንት ዓመት ሌባ ስባል ኖሬአለሁ። እኔ አልምልም፤ የመታሁትን ግን አሳይሻለሁ። ነገ ጠዋት ነይና ራስሽ ምቺው» አለኝ።

በማግስቱ ሰኞ ወደ አንድ ትምህርት ቤት ወሰደኝ። ልጆቹ እየተሰለፉ ነበር። አሮጌው ዘበኛ ብረት አንስቶ ዛፉ ላይ የተንጠለጠለውን ሲመታው ቀና ብዬ አየሁ። ቸርኬ ነው። ሄጄ ዳሰስኩት። በዝገቱ መካከል የመኪናዋ አረንጓዴ ቀለም አለ፤ ጠርዙ ላይ በብየዳ የተሠራች ጨረቃ። አባባ ጎማው እንዳይሰረቅበት ያስበይዳት የነበረችው ጨረቃ፣ የሮቤው ደወል ላይ ያለችው! ዘበኛውን «ይህን ማን ሰቀለው?» ስለው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «አብዱልመሊክ የሚባል የሮቤ ሾፌር ነው፤ ጨዋታ አዋቂ ሰው። አንድ ክረምት መኪናውን ጭቃ ይዞበት መምህራኑ ቤት አሰነበቱት። በኋላ ያቺ መኪና ስትሞት ቸርኬዋን ጭኖ መጣና ራሱ ዛፍ ላይ ወጥቶ ሰቀለው። አንዱን ለልጆቼ ትምህርት ቤት ሰጥቻለሁ፤ ይሄኛው የእናንተ ነው አለን። በሕይወት አለ?» አለኝ። «አባቴ ነው፣ አላህ ይርሐመው» ብዬ ብረቱን ተቀብዬው መታሁት። ልጆቹ ሁለተኛ ደወል የሆነ መስሏቸው እየሮጡ ክፍል ገቡ።

ጀሊሎ፣ ገብረወልድ ምንም አልሰጠም። ነገሪም ምንም አልሰረቀም። አንተ የሮቤውን መታህ፣ እሱ የጊኒሩን መታ፤ ሁለቱም የአንዲት መኪና ብረት ናቸው። ያጣላችሁ የአባባ ደግነት ነው።

ከሁሉ የሚቆጨኝን ደግሞ ስማ። ቤት እንደገባሁ ለእማ ነገርኳት። ጎመን እየቀነጠሰች ነበር። ቀና ብላ «የጊኒሩ ቸርኬ ነው? የተሰቀለበትን ሰንሰለት ከገበያ የገዛሁለት እኔ አይደለሁ እንዴ?» አለችኝ። «ታዲያ ያኔ ለምን አልነገርሽንም?» ስላት፣ «ምኑን ልንገራችሁ? አንተ ልጅ ምን ሆንክ ስለው የሥራ ጠብ ነው አለኝ። ስለ ቸርኬ መሆኑን ማን ነገረኝ? ሙዚቃ አትወድም ብላችሁ እኔ ስገባ ዝም፣ ስወጣ ሹክሹክ። ከእኔ የምትደብቁት ነገር ሁሉ መድኃኒቱ እኔው ጋ ነው» አለችና ወደ ጎመኗ ተመለሰች። መልሱ እዚሁ እሳት ዳር ተቀምጦ ነበር፤ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር የጎደለው። ምነው ያኔ አንዳችን አፋችንን በከፈትን! እማም እንደዚያ ትበል እንጂ ሲመሽ ብቻዋን ስታለቅስ አግኝቻታለሁ። «ልጄን ያባረረው የገዛሁት ሰንሰለት ነው» ትላለች። አይደለም ብያታለሁ፤ አንተ ብትላት ግን ይሻላታል።

ከዚያ ወደ ጎባ ወጣሁ። ስንት ዓመት መንገድ ላይ ስንተያይ ፊት የምንዟዟር ሰዎች ነንና እግሬ በሩ ላይ ከበደኝ። ሚስቱ ወለተኢየሱስ ከፈተችልኝ፤ አየችኝና አቅፋ ሳመችኝ። ገብረወልድ ጠጉሩ ነጥቷል። ስገባ ሲነሳ ፊቱን ወደ ጎን አዙሮ ግራ ጆሮውን ሰጠኝ፤ መጀመሪያ ያኮረፈ መስሎኝ ነበር። ለካ ቀኝ ጆሮው ሄዷል። ያን ሁሉ ዘመን ከስፒከር ሥር ቆሞ አልቋል። ግራውም እየደከመ ነው፤ ሐኪሙ ብዙም እንደማይቆይ ነግሮታል። ስለ ሁለቱ ቸርኬዎች ስነግረው አልሰማኝ እያለ ሦስቴ ጮህኩ፤ የጎባ ሰው በሙሉ ሳይሰማ አልቀረም። ሲገባው ምን አለ መሰለህ? «ረቢያ፣ ያቺ መኪና ስድስት ጎማ ነበራት። አባታችሁ የቀሩትን አራቱን የት ሰቀሏቸው? ሌላ ሰው ሳይጣላ ፈልገን እናውርዳቸው» አለኝ። ሳቅን። ወለተኢየሱስም እየሳቀች ነጠላዋን ዓይኗ ላይ አደረገች። ከዚያ ቀስ ብሎ «ጀሊል አሁንም ይጫወታል?» ብሎ ጠየቀኝ። ብርድ ልብስና ጫማ እንደምትሸጥ ነገርኩት። «እጁን ምን አደረገው?» አለ።

ያን የመለስክለትን ፍላሽ አስቀምጦታል። ማሰሪያው ክር እንኳ የዚያን ጊዜው ነው። ከፈተውና ስፒከሩ ላይ መዳፉን አሳርፎ በእጁ ጭምር ያዳምጥ ጀመር። ውስጡ ያለው ማንኳኳት ነው። ሦስት ጊዜ ያንኳኳል፣ ይጠብቃል። ደግሞ ሦስት ጊዜ። እንጨት ነው፤ ከሥሩ የተላቀቀች ማጠፊያ አብራ ትንጫጫለች። ወዲያው አወቅሁት፤ የእኛ ቤት የድሮው በር ነው! ከጠቡ በኋላ ቤታችን መጥቶ ሲያንኳኳ አንተ ጓዳ ተቀምጠህ «እሱ ነው፣ እንዳትከፍቱ» ያልክበት ቀን፣ እሱ ውጭ ሆኖ የራሱን ማንኳኳት ቀድቶ ሄደ። ሳይበድል የላከልህ የአራራ ድምፅ ያ ነበር። በሩን እንደሆነ አምና መንገዱ ሲሰፋ ነቅለነዋል፤ እንጨቱም ነዷል። አሁን ያለው በዚያ ፍላሽ ውስጥ ብቻ ነው። ፍላሹን ፖስታው ውስጥ አድርጌልሃለሁ፤ ማንኳኳቱን በሮቤው ደወል፣ በጊኒሩ ደወልና በእኔ ኪት አጅቤዋለሁ። የሁለቱ ደወሎች ድምፅ ሲቀላቀል አባባ ከሩቅ ጥሩንባ ሲነፋ ይመስላል፤ አንተም ትሰማዋለህ።

ወንድሜ፣ ደንቡን ያወጣኸው አንተ ነህ፤ እኔ ላስተምርህ አልደፍርም። የአራራ ድምፅ ያለብህ ግን አሁን አንተ ነህ። ኪቦርድ የለኝም፣ ጊዜ የለኝም አትበለኝ፤ ስልክህ ይበቃል። የሱቅህን የብረት በር ቅዳልን። ይህን ሁሉ ዓመት ወሬያችንን ሲቆርጥ የምሰማው ያ በር እኮ የትኛውም ከበሮ የሌለው ድምፅ አለው! ማታ ስትዘጋው የሚሰማውን አልፈልግም፤ እሱን ለምጄዋለሁ። ጠዋት ስትከፍተው ቅዳልኝ። ገብረወልድ ኪቦርዱን አልሸጠም፤ ድምፁ ከደረሰው በአንድ ሰርግ ላይ፣ የመጨረሻውም ቢሆን፣ አጫውቼው አቆማለሁ ብሏል። ሚኪያስ ስፒከር ይሸከምለታል፣ ነገሪ ከጊኒር እመጣለሁ ብሎኛል። ግን ጆሮው ቀጠሮ አይጠብቅም። ዛሬ የሚሰማውን በክረምት ይስማው አይስማው አላህ ነው የሚያውቀው። ያለፈውን ጊዜ ማንም አይመልስልንም፤ እኔ የምፈራው የቀረችውንም እንዳናባክናት ነው።

ሳቢሪንን በጣም አድርገህ ሳምልኝ፤ የላከችልኝ ሻርፕ ቀለሙ አልለቀቀም በላት። ልጆቹን አንድ በአንድ ሳምልኝ፤ አክስታችሁ የስፌት መኪና እየረገጠች ሰው ታስጨፍራለች ብለህ አሳቃቸው። እማ ጉንጭህንና ግንባርህን ስማ፣ ዱዓዋን ልካልሃለች፤ ሰንሰለቱን አትርሳ። ሙህዲን አጥብቆ ሰላም ብሎሃል፤ ከአረፋ በፊት ደውል ይልሃል። ወለተኢየሱስ ለሳቢሪን የባሌ ማር በከማለዲን ልካለች፤ መንገድ ላይ እንዳይቀምሰው ክዳኑን ሰፍቼዋለሁ። ገብረወልድንም ምን ልበልልህ ብዬው ነበር። ግራ ጆሮውን ወደ እኔ አዙሮ፣ «ሰላም በይልኝ። ያን ጊዜ በሩ ላይ ብዙ ሳልቆይ ሄድኩ፤ አሁን ግን ቆሜ እጠብቃለሁ በይው» ብሎሃል።

እህትህ ረቢያ አብዱልመሊክ
ሮቤ፣ ባሌ
ግንቦት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.